ሙት ሥጋ ሲያልቅ

ማን ማን እንደነበርን በቅድሚያ ልናገር።

ሚስተር ኦዴል፤ የክሬንሾው ሰፈር ሰው፣ ሥራዬን ያስተማሩኝ። የላቦራቶሪው ኃላፊ፤ የእሷን ስም አልጽፍም፣ በማታነበው ቋንቋ ስለምከሳት መልስ ልትሰጠኝ አትችልም። ጋሼ እንድሪስ፤ ሎስ አንጀለስ የገባሁ ሰሞን ሚድ ሲቲ ባለች ባለአንድ መኝታ ቤታቸው ሰባት ወር ያስጠለሉኝ፣ ዊልሻየር ላይ መኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ አርጅተው ጡረታ የወጡ። እትዬ ዘይነባ፤ ባለቤታቸው። ሰሚራ፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጄ፣ የቁስል ነርስ። እኔ ደግሞ ይማም እባላለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ዝንብ አረባሁ።

ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር በአደባባይ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። የእኛ ሰዎች በሚበዙበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ላብ ውስጥ ነኝ» እል ነበር። ደም የምመረምር ይመስላቸዋል፤ እኔም አላርምም። ልጆቼን ስለ ሐቀኝነት እየገሠጽኩ ባሳደግኩበት አፍ ለሃያ ስድስት ዓመት ይህንን አደረግሁ።

ባለፈው የጸደይ ወራት ጡረታ ወጣሁ። ሰሞኑን ደግሞ የከብትና የሰው ሕያው ሥጋ የሚበላ ትል ከደቡብ በኩል ወደዚህ እየመጣ ነው የሚል ወሬ በዜና በዛ። በርበሬ ልገዛ ሱቅ ስገባ አንዱ ጎረምሳ ከመደርደሪያው ኋላ ሆኖ፣ «ጋሼ ይማም፣ ዘመዶችህ መጡ አሉ!» አለኝ። ሱቁ በሳቅ ሞላ። ሌላው ቀጠለ፤ «ኤርፖርት ሄደህ ፒክ አታደርጋቸውም እንዴ?» በርበሬውን ትቼ ወጣሁ። ያናደደኝ ሳቁ አይደለም። የሚስቁት በጋሼ እንድሪስ እግር ላይ መሆኑን ያውቃሉ። ሆኖም በዚያ እግር ላይ ምን እንደደረሰ፣ ጥፋቱም የማን እንደነበር አንዳቸውም አያውቁም። ስለዚህ እጽፋለሁ።

ሥራውን ያገኘሁት ጽዳት ሆኜ ነው። የላቦራቶሪውን ኮሪደር በማታ ፈረቃ አጸዳ ነበር። ደሞዙ ስለማይወራለት አላወራውም። አንድ ቀን ሚስተር ኦዴል ከዝንብ ክፍሉ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ዝም ብለው ቆመዋል፣ አይገቡም። ቁልፍ የጠፋባቸው መስሎኝ «ልርዳዎት?» አልኳቸው።

«ዝም በል፣ እየሰማሁ ነው» አሉኝ።

«ምን ይሰማል?»

«ሽታው።»

ጤነኛ አልመሰሉኝም። ኋላ ግን ያ ልማድ የእኔም ሆነ። ሚስተር ኦዴል ማለዳ በሩን በስንጥቅ ከፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ያሸታሉ። የሚሸት ሳሙና አይነኩም፤ ሽቶ የተቀባ ሰው ክፍሉ አይገባም። ጉበት ላይ ያለ ጤነኛ ትል የሚሸተው የረጠበ አፈርና የቆየ ሥጋ ነው፤ ይለመዳል። ትሉ ሲበዛና ሥጋው ሊያልቅ ሲል ግን ሌላ ሽታ ይመጣል፤ ሽንት የከረመበት በረት የሚመስል፣ ዓይን የሚቆጠቁጥ። ያኔ ሚስተር ኦዴል ይሮጡ ነበር፣ በሰባ ዓመታቸው። ከዚያ መዳፋቸውን በትሪው ላይ ያንሳፍፋሉ። ብዙ ትል አንድ ላይ ሲበላ ይሞቃል፤ እጅ ላይ የሚታወቅ ሙቀት አለው። ሽታውንና ሙቀቱን አይተው በእርሳስ ይጽፋሉ። በእስክሪብቶ አይጽፉም፤ ውሃ ሲነካው ይደበዝዛል ይሉ ነበር።

ከስድስት ወር በኋላ መጥረጊያዬን አስቀምጠው ቀጭን ብሩሽ ሰጡኝ። በዚያ ብሩሽ ሩዝ የሚመስለውን ነጭ የእንቁላል ክምር ሳልጨፈልቅ መለየት፣ ማጠብ፣ መቁጠር ተማርኩ። እንግሊዝኛዬንም ሳይንሱንም እሳቸው ጥለው ከሄዱት አሮጌ መጽሐፍ ነው የለቀምኩት። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ አላፍርበትም።

አሁን ስለ ዝንቧ ልናገር፤ ስለ እሷ ሳይታወቅ ስለ እግሩ አይታወቅም።

እኛ የሥጋ ዝንብ የምንለው ያ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያብረቀርቀው ዝንብ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሰፊ ቤተሰብ ነው። የሚበዙት ሬሳ ላይ ይወልዳሉ፣ ልጆቻቸው ሙት ሥጋ በልተው ምድሪቱን ያጸዳሉ። አንዳንዶቹ ሁለቱንም ይችላሉ፤ ሬሳ ካገኙ ሬሳ፣ ቁስል ካገኙ ቁስል። ጥቂቶቹ ደግሞ ሕያው ሥጋ ካልሆነ አያድጉም። አዲስ አበባ ዙሪያ ያደገ ላያውቀው ይችላል እንጂ፣ ኢሉባቦር ውስጥ የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ስሠራ ከተሰጣ ልብስ ወደ ሰው ቆዳ የሚገባ ትል አይቻለሁ፤ ያም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው። በጎጆ ወለል ተደብቆ፣ የተኛ ሰው ደም የሚመጥጥም አለ። የወፍ ጫጩት ደም የሚመጥጥም አለ።

ላቦራቶሪው ውስጥ በአልኮል የተቀመጡ ሁለት ብልቃጦች ነበሩ። አንዱ ውስጥ ሬሳ በሊታው ትል አለ፣ ሌላው ውስጥ አሁን በዜና የሚወራለት። እህትማማች ናቸው፤ በዓይን አይለዩም። ሚስተር ኦዴል ማጉያ መነጽር ሰጥተውኝ «ጅራቱን እይ» አሉኝ። የሁለተኛው ትል መተንፈሻ ቧንቧዎች ከቆዳው ሥር እንደ ሁለት የጠቆሩ ክሮች ይታያሉ። ሬሳ በሊታው ላይ ያ ጥቁረት የለም። ለዓይን የሚታየው ልዩነት ያን ያህል ብቻ ነው። አንዷ የሞተ ላም ታጸዳለች፣ ሌላዋ በሕይወት ያለች ላም ትገድላለች።

«እንዴት እዚህ ደረሰች?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ቀስ ብላ» አሉኝ።

ያ «ቀስ ብላ» የገባኝ ከውሻው በኋላ ነው። ከአንድ የእንስሳት መጠለያ ያረጀ ባለረጅም ጸጉር ውሻ ላይ የተለቀመ ትል ተልኮልን መጣ። ሚስተር ኦዴልና እኔ ራሳችን ሄደን ውሻውን አየነው። ኋለኛ እግሩ ሽባ ስለሆነ ጸጉሩ በሽንቱ ርሶ ተጣብቋል። የረጠበው ጸጉር በስብሷል፤ ዝንቧን የጠራት ያ ሽታ ነው። ትሉ መጀመሪያ የበላው የሞተ ነገር ነበር። ከዚያ ከጸጉሩ ሥር ያለው ቆዳ ረጥቦ ሞተ፣ እሱንም በላ። ከዚያ የሚሞት ነገር አለቀ። ከሥሩ ያለው ሕያው ነበር። ቆሜ ሳየው ወሎ ሳለሁ ላቷ ተልቶ ያየኋት በግ ትዝ አለችኝ፤ እሷም በክረምት ፀጉሯ ረጥቦ ነበር።

ዝንቧ ክፉ ለመሆን አልወሰነችም። ሬሳ ላይ መቶ ተፎካካሪ አለ፤ ዝንቡ፣ ጉንዳኑ፣ ጥንብ አንሣው። የሚሞት ቁስል ላይ ቀድሞ የደረሰ ትል ብቻውን ይበላል። ግን ሕያው አካል ይሞቃል፣ ያሳክካል፣ ይዋጋል፤ አብዛኛው ትል እዚያ ይሞታል። ከብዙ ሺህ አንዱ ተቋቁሞ ከተረፈና ልጆቹም የእሱን ከወረሱ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ያለ ሕያው ሥጋ መኖር የማትችል ዝንብ ትገኛለች። ይህ መንገድ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የተሄደ አይደለም። የአሜሪካዋ ለብቻዋ ደርሳበታለች፣ የአፍሪካና የእስያዋ ለብቻዋ። መስጊድ በር ላይ አንድ ሰው «ዝግመተ ለውጥ ታምናለህ ማለት ነው?» ብሎ ቆጣ አለኝ። «ውሻውን አይተኸዋል?» አልኩት። አላየም። እኔ አይቻለሁ፤ አላህ የሰጠኝን ዓይን አልክድም።

ከውሻው የተለቀመውን ትል አሳድገን ዝንቡ ሲወጣ፣ እኛው ክፍል ለሕክምና የምናረባው አረንጓዴ ዝንብ ሆኖ ተገኘ። ይህ ዝንብ ታጥቦ፣ ከጀርም ጸድቶ፣ ትሉ የስኳር በሽተኛ ቁስል ላይ ይደረጋል፤ የሞተውን ሥጋ ከማንም ቀዶ ሐኪም በተሻለ ንጽሕና ይበላል። ብዙ እግር አድኗል፤ ይህን ማንም ሊክደኝ አይችልም። ግን ደንብ አለው። ተቆጥሮ ይገባል፣ በፋሻ ይከደናል፣ በሁለት ቀን ይወጣል፣ ተቆጥሮ። ሲጠግብ ራሱ መውጣት ይፈልጋል፤ ፋሻው ከዘጋበትና የሚበላው ካለቀ ግን ውሻው ላይ ያየነው ነው።

ላቦራቶሪው ለክሊኒኮች የሚልከው ወረቀት ላይ «ሙት ሥጋ ብቻ ይበላል» የሚል ተጽፎ ነበር። ሚስተር ኦዴል ያንን ባነበቡ ቁጥር «እስካሁን» ብለው ያጉረመርማሉ። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ እኔ ወደ ኃላፊዋ ገባሁ። የውሻውን መዝገብ ይዤ ነበር፣ በእርሳስ የተጻፈውን።

«‹ብቻ› የሚለው ይውጣ» አልኳት። «በምትኩ ሙት ሥጋ ሲያልቅ ወዲያው ይውጣ የሚል ይግባ።»

መዝገቡን አልከፈተችውም። «ይማም፣ በሽተኞችን ታስፈራለህ» አለችኝ። «አንተ ጥሩ የዝንብ መጋቢ ነህ። መጋቢነትህን ቀጥል።»

ቀጠልኩ። ወረቀቱም እንደዚያው ቀጠለ። በዚህ እስከዛሬ እናደዳለሁ፤ ግን ንዴቴን ሁሉ እሷ ላይ ከጣልኩ ዋሽቻለሁ። በኋላ በጋሼ እንድሪስ ቤት ወረቀቱን ያላነበበ ሰው ሞልቶ ነበር። ወረቀቱ የተሳሳተ መሆኑን የሚያውቅ አንድ ሰውም ነበር።

የጋሼ እንድሪስ ቀኝ እግር ከአውራ ጣቱ ሥር ቆስሎ አልድን አለ። ሐኪሞቹ ይቆረጥ አሉ። ጋሼ እንድሪስ ጠሩኝና፣ «ይማም፣ አላህን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ቆሜ ልስገድ። ቁጭ ብዬ መስገድ አልፈልግም» አሉኝ። ሰሚራ የምትሠራበት ክሊኒክ የትሉን ሕክምና ይሰጣል። እኔ ነኝ ያሳመንኳቸው። መጀመሪያ ቀፈፋቸው፤ ከዚያ ሳቁ። «ካንተ ክፍል የወጣ ትል ነው?» አሉ። «በእጄ ያጠብኩት ነው» አልኳቸው። «እንግዲያው ዘመድ ነው» አሉ። አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፤ ማንም እንዳይሰማ። እኔንም ይህ ልመና ደስ አለኝ። ሥራዬን ከምደብቅበት ምክንያት አንድ ጨመረልኝ።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ሰሚራ ትሉን አስገብታ በፋሻ ከደነችው። ዓርብ በዚያው ሰዓት መጥታ ልታወጣው ነበር። ሥራው ሃያ ደቂቃ ይፈጃል።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጠያቂው ጎረፈ። እኛ በሽተኛ እንጠይቃለን፤ ይህ ደግ ልማዳችን ነው፣ አልነቅፈውም። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ የጋሼ እንድሪስን አልጋ ሳሎን አውጥተውታል፤ ጠያቂው ዙሪያውን ተቀምጧል። ሰሚራ በር ላይ ስትደርስ እትዬ ዘይነባ ወጥተው፣ «ልጄ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ እንዴት ተነሡ እላለሁ? ነገ ነይ» አሏት። ቅዳሜ መጣች። ከሳን ዲዬጎ ድራይቭ አድርገው የመጡ ዘመዶች ነበሩ። እኔም እዚያ ነበርኩ፣ ከአልጋው እግርጌ ወንበር ላይ፣ ሳንቡሳ የያዘ ሰሐን ጭኔ ላይ አድርጌ።

ስገባ እትዬ ዘይነባ ቤቱን ሽቶ ረጭተውበት ነበር። ከሽቶው ሥር ያ ሽታ አለ። ሽንት የከረመበት በረት። ዓይኔን ቆጠቆጠኝ። ሌላው ሁሉ ስለ መንገድ መጨናነቅና ስለ ቤት ኪራይ ያወራል፤ እኔ ግን ትሪው ባዶ መሆኑን፣ ከፋሻው ሥር ሙት ሥጋው ማለቁን አውቄያለሁ። ሚስተር ኦዴል ቢሆኑ ይሮጡ ነበር። እኔ ሳንቡሳ በላሁ።

ስልኬ ጮኸ። ሰሚራ ናት፣ ፒኮ ጎዳና ላይ መኪናዋ ውስጥ ሆና።

«አባዬ፣ ውስጥ ነህ አይደል?»

«አዎን።»

«እትዬ ዘይነባ አላስገባ አሉኝ። ሶ አንተ ንገራቸው። ሃያ ደቂቃ ብቻ። ኪችን ይግቡ፣ ወይ ውጭ ይቁሙ።»

«እሺ፣ እናያለን» አልኩ፣ የሱቅ ዕቃ እንደሚያዝ ሰው።

«አባዬ፣ ለምንድን ነው እንደዚህ የምታወራው? ሰው አለ?»

«ነገ ይሻላል።»

«ነገ ሦስተኛ ቀን ያልፋል! አንተ አይደለህም እንዴ በሁለት ቀን ያልከኝ?»

ዘጋሁት። አጠገቤ የተቀመጠው የሳን ዲዬጎ ሰው «ማን ነው?» አለኝ። «ልጄ ናት፣ ስለ መኪና» አልኩት። ጋሼ እንድሪስ ያዩኝ ነበር። ብርድ ልብሱ ሥር ቀኝ እግራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ያርፋል፣ ይንቀሳቀሳል። ግንባራቸው ላይ ላብ አለ። አንዱ ጠያቂ «እንዴት ነው ሕመሙ?» ሲላቸው «አልሐምዱሊላህ፣ ተሽሎኛል» አሉ። ዓይናቸውን ግን ከእኔ አልነቀሉም።

ተነሥቼ «እባካችሁ፣ ሃያ ደቂቃ ውጡልን» ማለት ነበረብኝ። ያን ካልኩ «ለምን?» ይባላል። ለምን ከተባለ ትል ይጠራል። ትል ከተጠራ ይማም የሚሠራው ምን እንደሆነ ይታወቃል። ይህን ሁሉ በአንዲት ጉርሻ መካከል አሰብኩ፤ አሰብኩና ዋጥኩ።

እሑድ ዱዓ ተደረገ፤ ሰሚራን ማንም በር አልከፈተላትም። የተከፈተው ሰኞ ጠዋት ነው። እኔው ራሴ አብሬያት ገባሁ። ፋሻው ሲነሣ ትሎቹ ቀልተው ነበር። ሙት ሥጋ የሚባል አንድም አልቀረም፤ ሕክምናው ያንን ሥራውን ጨርሷል። ትሎቹ በጠራው፣ በሚደማው ሥጋ ውስጥ ጭንቅላታቸውን ቀብረዋል። ጎትቼ ሳወጣቸው ጋሼ እንድሪስ አልጮኹም። ሰሚራ ናት ያለቀሰችው። እየቆጠርኩ አወጣሁ፤ ቁጥሩ ሞላ። ቁስሉ ግን ጠልቆ ነበር፣ ጀርምም ገብቶበታል። ከትሉ ምን ያህሉ፣ ከስኳሩ ምን ያህሉ እንደሆነ ሐኪሙ ሊነግረኝ አልፈለገም፤ እኔም ዕዳዬን ለማቅለል አልጠይቀውም።

ኃላፊዋ ደብዳቤ ጻፈች፤ ትሉ እንደ ወረቀቱ በትክክል አገልግሏል፣ ጥፋቱ ፋሻው የተከፈተበት ቀን ነው የሚል። ግማሹ እውነት ነው፤ ያናደደኝም ያ ነው። ክሊኒኩ ቀኑን ለምን አሳለፍሽ ብሎ ሰሚራን ጠየቃት። «ፋሚሊው አላስገባኝም» አለች። የእኔን ስም አላነሣችም። ከዚያ ሥራውን ለቀቀች። አሁን አንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ስልክ ታነሣለች። ልጆቼን ለእውነት ቁሙ ብዬ አሳደግኩ፤ ልጄ ቆመች፣ እኔ ተቀምጬ ቀረሁ።

ምስጢሩ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፣ ወሬው ፌርፋክስን ዞረ። ይማም ጋሼ እንድሪስን ትል አስበላቸው ተባለ። ያን ቅዳሜ ሳሎኑ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሳይቀሩ እንዲህ አሉ፤ አንዳቸውም ከዚያ ወንበር ሃያ ደቂቃ ተነሥተው ቢሆን ኖሮ ብለው አልጠየቁም። ማንም ስላልነገራቸው ነው። ሊነግራቸው የሚችለው ሰው ሳንቡሳ ይበላ ነበር።

ሱቅ ውስጥ በተሳቀብኝ ማግስት ጋሼ እንድሪስ ዘንድ ሄድኩ። ከመስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዙህር ሰገዱ። ሰላም ብለው ሶላቱን እስኪጨርሱ ጠበቅሁ።

«ጋሼ፣ ያን ቅዳሜ ሽታውን አውቄው ነበር» አልኳቸው።

«እንዳወቅህ አውቄያለሁ» አሉ። «እኔም ሕመሙን አውቀው ነበር። ሁላችንም እንግዳ አከበርን።» ከዚያ የእግራቸውን ብርድ ልብስ አስተካከሉና፣ «ጻፈው» አሉኝ። «ስሜንም ጻፍ። ሌላው እንኳ በሩን በጊዜ ይክፈት።»

ጻፍኩት። እንግዲህ የሁላችን ሒሳብ ይህ ነው። ከጋሼ እንድሪስ የተቆረጠ ሦስት የእግር ጣትና ቆሞ መስገድ። ከሰሚራ ሙያዋ። ከእትዬ ዘይነባ እንቅልፍ። ከእኔ ሃያ ስድስት ዓመት፤ ኩራቴ ሊሆን ሲገባው ደብቄው የኖርኩት። ከዚያ ወዲህ ክሊኒኩ ይህን ሕክምና ያቀረበላቸው፣ ትል ሲባል ሰምተው እግራቸውን ለመጋዝ የሰጡ የእኛ ሰዎች ደግሞ እኔ የማውቃቸው ብቻ ሁለት ናቸው፤ የእነሱም ሁለት እግር ይደመር።

በሌላው በኩል ሃያ ደቂቃ።